ሾፌር የሌለው ላፕቶፕ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ዛሬም ፍቅሬ ወጥ ቤት ገባ። ሽንኩርት ሳቁላላ ከኋላዬ መጥቶ ድስቱን አየው። «እሳቱ በዝቷል» አለ። ቀነስኩ። «አሁን ደግሞ አነሰ።»

ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንዲህ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የማተሚያ ማሽን ሲፈታ ሲገጥም የኖረ ሰው… አሁን ቤት ውስጥ የቀረው ማሽን እኔ ብቻ ሆንኩ። ባለፈው ሳምንት ያልተበላሸውን የመታጠቢያ ቤት በር ጠገነው። አሁን አይዘጋም።

እኔም ጡረታ የወጣሁት ከዚያው ማተሚያ ቤት ነው። እሱ ከታች ማሽን ክፍል፣ እኔ ከላይ አራሚ። አንድ ግቢ እየዋልን በቀን አንዴ ብንተያይ ነበር። ትዳራችን የከረመው ለዚያ ይሆን እንዴ?

ማታ ልጃችን ሄኒ ከጅማ ደወለች። አዲስ ላፕቶፕ ገዝታለች፤ አሮጌውን ምን ላድርገው አለች። «ለአባትሽ ላኪለት» አልኩ ሳላስብ። ማለቴ… አስቤ ነው።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ላፕቶፑ መጣ። የሄኒ ጓደኛ መስቀል አደባባይ ድረስ ይዛልኝ መጣች። በሚኒባስ ስመለስ እንደ ሕፃን ታቅፌው ነበር።

ፍቅሬ ጠረጴዛውን ጠረገ፣ እጁን ታጠበ፣ መነጽሩን አደረገ። ከዚያ ጥጥ አልኮል ውስጥ እየነከረ ቁልፍ በቁልፍ ወለወለው። የልጁ ዕቃ ንጹሕ እንደሆነ ብነግረውም… ለሱ ማሽን ሥራ የሚጀምረው ከጽዳት ነው።

ውስጡ ያለው ዊንዶውስ አይደለም። ሊኑክስ የሚባል ነው። ከመላኳ በፊት ስለተንቀራፈፈባት ኦልጅራ የሚባል የሥራ ባልደረባዋ አዲስ ጫነላት። አሮጌ ማሽን ላይ አይከብድም፣ ቫይረስም ብዙ አያስቸግረውም ብሏታል። ፍቅሬ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። «ጤነኛ ማሽን ነው» አለ።

ሄኒ የተወችለትን ፎቶዎች አየን። የካርታ ጨዋታም አገኘ። ወጥ ቤት አልገባም። ሽሮዬን በሰላም ሠራሁ።

አንድ ነገር ብቻ… ዋይፋይ አልይዝ አለ። ሳሎን ያለው የዋይፋይ ሳጥን ይበራል፣ ስልኬም ይይዛል። ላፕቶፑ ግን ዋይፋይ የሚባል ነገር በሕይወቱ የሰማም አይመስል።

«ነገ አስተካክለዋለሁ» አለ ፍቅሬ። ዓይኑ በራ። የተበላሸ ነገር ካገኘ ስንት ጊዜው?

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ሄኒ ደወለች። ፍቅሬ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ስለሚያወራ ሁሉንም ሰማሁ።

«አባዬ፣ ድራይቨር የለውም ማለት ነው።»

«የምን ድራይቨር?»

«የዋይፋዩ ነዋ። ማለቴ… ኮምፒውተሩን ከዋይፋይ ዕቃው ጋር የሚያግባባው። ሾፌሩ በለው በቃ።»

«ዕቃው ራሱ የለም?»

«ዕቃው ውስጡ አለ። ሾፌሩ ነው የሌለው።»

ፍቅሬ ስልኩን ከጆሮው አነሳና «መኪናው አለ፣ ሾፌሩ የለም ትላለች» አለኝ። መልሶ ጆሮው ላይ አደረገ። «ታዲያ ከየት ይመጣል?»

«ከኢንተርኔት ታወርደዋለህ።»

«ኢንተርኔት የለማ።»

«አዎ… ሾፌሩ ስለሌለ።»

«ሾፌሩን የማመጣው በምን?»

«በኢንተርኔት።»

ሁለቱም ጥፋቱ የማን እንደሆነ እያሰቡ ይመስለኛል።

ከዚያ ትዕዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት አስከፈተችው። ሱዶ ብለህ ጀምር አለችው። «ሱዶ ማነው?» አላት። «አለቃው በለው።» ቀጥሎ የይለፍ ቃል ጠየቀው። ፍቅሬ ጻፈ። ምንም አልታየም። ጠንከር አድርጎ ጻፈ። አሁንም የለም።

«ቁልፎቹ ሞተዋል» አለ።

«አልሞቱም አባዬ፤ ይጽፋል እንጂ አይታይም።»

«ካልታየ መጻፉን በምን አውቃለሁ?»

እውነቱን ነው። የማይታይ ፊደል… ለአራሚ ከዚህ የባሰ ምን አለ? ስንት ጊዜ ተሳስቶ ጽፎ ማሽኑ ስንት ጊዜ እንደመለሰው አላውቅም። በመጨረሻ ሄኒ ራሷ የማታውቀው ቦታ ደረሱ። ኦልጅራን እጠይቀዋለሁ አለች። ኦልጅራ ግን ገጠር ስልጠና ላይ ነው፤ ስልኩ አይሠራም።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ልዩ የምትባል አዘጋጅ ደወለችልኝ። የልጆች መጽሐፍ ከሚያወጣ አሳታሚ ቤት። ስሜን የድሮ አለቃዬ ነግሯት ነው። አራሚ ይፈልጋሉ፤ ቤቴ ሆኜ የምሠራ። ገጾቹ በኢሜይል ይመጣሉ፣ አርሜ እመልሳለሁ። ሐሙስ ሳምንት ጠዋት በቪዲዮ እንነጋገራለን፣ የሙከራ ገጽም አሳይዎታለሁ አለች።

«ኮምፒውተር አለዎት አይደል ወይዘሮ አሰፋሽ?»

«አለኝ» አልኩ። አለኝ እኮ።

በስልክ ቢሆንስ? የኔ ስልክ ፊቱ ተሰነጣጥቋል። «ቀ»ን ከ«ቐ» መለየት ያቅታል። ቻርጀር የሚሰካበት ቀዳዳም ላልቷል፤ በላስቲክ ታስሮ ነው የሚሞላው። በዚህ መጽሐፍ አይታረምም።

ምሳ ላይ ለፍቅሬ ነገርኩት። ይናደዳል ብዬ ፈርቼ ነበር። አሁን እኮ ዕረፍት ነው ይላል ሁልጊዜ። እንጀራውን ቆርሶ በእጁ ያዘ።

«ሥራ ናፍቆሻል?» አለኝ።

«አዎ።»

«እኔም» አለ። ከዚያ ጎረሰ። «ሾፌሩን እኔ አስገባልሻለሁ። ማንም እንዳይነካው።»

ይቺ ማንም እንዳይነካው የምትለዋ አላማረችኝም።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ቡልጋሪያ ሰፈር ሄድን፣ ኮምፒውተር ጥገና ቤት። ወጣቱ ላፕቶፑን ከፈተና ፊቱን አኮማተረ፤ የማያውቀው ዘመድ ቤቱ የመጣ ይመስል።

«ሊኑክስ ነው እንዴ? አባባ፣ ይሄን ላጥፋውና ዊንዶውስ ልጫንልዎት።»

«ፎቶዎቹስ?»

«ይጠፋሉ። ሌላ ቦታ ካልያዛችኋቸው።»

«ጤነኛውን አጥፍተህ በሽተኛ ልትጭንልኝ?» አለ ፍቅሬ። ልጁ ያየኛል፣ እኔ ጣሪያውን አያለሁ።

በመጨረሻ የጣት ጥፍር የምታክል ጎን ላይ የምትሰካ ዕቃ ሸጠልን። የውጭ ዋይፋይ ናት። «ሰክተው መጠቀም ብቻ ነው» አለ። ቤት መጥተን ሰካናት። ትንሽ ሰማያዊ መብራት አላት፤ በራች። ደስ አለን። ሌላ ምንም አልሆነም። ለካ እሷም የራሷ ሾፌር ያስፈልጋታል። ሾፌሩ ካርቶኑ ውስጥ አለ፤ በሲዲ። ላፕቶፑ የሲዲ ማስገቢያ የለውም።

ፍቅሬ ሲዲውን ይዞ የላፕቶፑን ዙሪያ ገባውን አየ። አንዱ ጎን ይከፈትልኛል ብሎ ተስፋ ያደረገ ይመስለኛል።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ትንሿን ዕቃ በካቻቢቴ ከፈታት። እንግዲህ እሷም አበቃላት።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ዛሬ ደግሞ ጉዳዩ የቦታ ነው ብሎ ተነሳ። ሾፌሩ መንገድ ጠፍቶት ቢሆንስ? ላፕቶፑን መኝታ ቤት ወሰደው። ኮሪደር። መስኮት ሥር። ከዋይፋዩ ሳጥን አጠገብ አስቀምጦ ፊት ለፊት አገጣጠማቸው፤ ሽማግሌ ተቀምጦ እንደሚያስታርቅ። በመጨረሻ በረንዳ ወጣና በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አነሳው።

ከታች፣ ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ፣ ጎረቤታችን ታጁዲን ሻይ እየጠጣ ነበር። ቀና አለ። አየው። ፍቅሬም አየው። ላፕቶፑን ግን አላወረደም። እጁ ሲዝል እያየሁ… ታጁዲን ሳይገባ ላለማውረድ ነው። ታጁዲን ደግሞ ሻዩን አልጨርስ አለ።

ይህን ጉዳይ ለራሴም ቢሆን ጽፌ አላውቅም መሰለኝ። የሕንፃው ኮሚቴ ሊቀመንበር ሲመረጥ ሁለቱ ተወዳደሩ። እኩል ድምፅ አገኙ። ክርክሩ ሲረዝም ሌላ ሰው ተመረጠ፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ቤቱን ለቆ ሄደ። ከዚያ ጀምሮ አይነጋገሩም። «ለራሱ ድምፅ የሰጠ ሰው» ይለዋል ፍቅሬ። ፍቅሬም ለራሱ ነው የሰጠው። አጠገቡ ቆሜ እጁን ሲያወጣ አይቻለሁ።

እኔና ሚስቱ ሳዲያ ግን እንደ ድሮው ነን። ከሰዓት ደረጃ ላይ አገኘችኝ። ሳቋን ይዛ ልትፈነዳ ነው።

«አሰፉዬ፣ ታጁዲን ሊታመምብኝ ነው።»

«ምነው?»

«ወሎ ሰፈር መጋረጃ ሱቁ ያለው ኮምፒውተር የናንተው ዓይነት ነው። እሱም ኢንተርኔት እምቢ ብሎት ሲበጠበጥ ከርሞ አንድ ሰው በቀላል ነገር አሳለፈው። አሁን ባልሽን ባየ ቁጥር ልንገረው፣ አልንገረው ይላል። እንቅልፍ አጣ።»

«ታዲያ ለምን አይነግረውም?»

«ይጠይቀኝ ይላላ።»

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ለፍቅሬ ነገርኩት። «ከዚያ ቤት ክብሪትም አልጠይቅ» አለ። ቤታችን ውስጥ ያለውን ክብሪት ትናንት ከሳዲያ ነው ያመጣሁት።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ሙሉ ቀን ጥቁሩ መስኮት ላይ ተደፍቶ ዋለ። ወጥ ቤት ድርሽ አላለም። ይህን ተመኝቼ አልነበር? አሁን ጸጥታው ከበደኝ።

ከሰዓት ሻይ ይዤለት ገባሁ። ላፕቶፑን ገልብጦ ጀርባውን እያየ ነው። ካቻቢቴው አጠገቡ አለ፤ ግን አላነሳውም።

«ማሽን አቅቶኝ አያውቅም» አለ። ቀስ ብሎ። «ማሽን እኮ ቢያንስ ይጮኻል። የቱ ጋ እንደሚያመው በጆሮ ይሰማል። ይሄ ዝም ነው የሚለው።»

ፊቱን አየሁት። ስለ ላፕቶፑ ብቻ አልነበረም።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ይቅር በቃ፣ ለልዩ ነገ ደውዬ አልችልም እላታለሁ አልኩት። ላስጨንቀው አይደለም፤ ከልቤ ነው ያልኩት። ለአንድ ሥራ ብዬ ይህን ሰውዬ እንዲህ ማየት አልፈልግም። ደግሞስ… ማን ያውቃል፣ ዓይኔም ደክሞ ይሆናል። አዲስ ሰው ይሻላቸዋል።

ሻዩ እንደተቀመጠ ቀዘቀዘ።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ጠዋት ለልዩ ልደውል ስልኬን ሳነሳ ፍቅሬ ከመኝታ ቤት ወጣ። ሙሉ ልብስ ለብሷል። ክራቫትም አድርጓል። ለቅሶ አለ እንዴ ልለው ነበር።

«አትደውይ» አለኝ። ላፕቶፑን በብብቱ ያዘና ወጣ። ከደረጃው ጫፍ ሆኜ አዳመጥኩ። ወደ ታች ወረደ… አንድ ፎቅ። ቆመ። ብዙ ቆመ። ከዚያ አንኳኳ።

የሆነውን ሳዲያ ናት የነገረችኝ። ታጁዲን በሩን ከፈተ። ሁለቱም እጃቸውን አልዘረጉም።

«እንደምን አደሩ አቶ ታጁዲን።»

«እግዚአብሔር ይመስገን አቶ ፍቅሬ። ደኅና አደሩ?»

«ደኅና። በሾፌር ጉዳይ ነው የመጣሁት።»

ታጁዲን ክራቫቱን አየ። «መኪና ገዛችሁ እንዴ?»

ሳዲያ ወጥ ቤት ገብታ አፏን በፎጣ ያዘች። ፍቅሬ ግን አልሳቀም አለች። ላፕቶፑን አሳየውና እንዲህ አለው፦ «ለኔ አይደለም። ባለቤቴ ሥራ አግኝታለች። ሐሙስ ልታወራ ቀጠሮ አላት። እኔ ሞክሬ አቃተኝ።»

አቃተኝ አለ። ፍቅሬ። እዚህ ላይ ሳዲያም ሳቋን አቆመች።

ታጁዲን ከበሩ ገለል አለና «ይግቡ» አለው።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

የታጁዲን ምሥጢር እንዲህ ነው፤ ስልኩን በቻርጀር ገመድ ላፕቶፑ ላይ ይሰካል፣ ስልኩ ውስጥ አንድ ነገር ይነካል፣ ላፕቶፑ በስልኩ በኩል ኢንተርኔት ያገኛል። በቃ። ከዚህ ሌላ ታጁዲንም ምንም አያውቅም። ይህን ሲሰማ ፍቅሬ ደስ አለው መሰለኝ። ሁለቱ እኩል መሆናቸው ታወቀ።

ሳሎናችን ተቀመጡ። ሄኒ ከጅማ በቴሌግራም መመሪያ ላከች፤ ኦልጅራ ከስልጠናው ተመልሷል። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይጽፋል።

«ሰረዝ ነው የሚለው።»

«ሰረዙ አንድ ነው ሁለት?»

«ሁለት። ክፍተት የለውም።»

«አቶ ታጁዲን፣ ክፍተት አለው ብለውኝ ነው እኮ ያደረግኩት።»

«ከሰረዙ በፊት ነው ያልኩዎት፤ በመሃሉ አይደለም።»

በዚህ አያያዝ አንድ መስመር ለመጻፍ ስንት ጊዜ እንደፈጀ… ሳዲያ ሳምቡሳ ይዛ መጣች፤ ያለ ሥጋ፣ በምስር፤ ረቡዕ መሆኑን አልረሳችም። መስመሩ ሲያልቅ ፊደሎቹ እንደ ዝናብ መውረድ ጀመሩ። ሁለቱም ወደ ኋላቸው ተደገፉ። ፍቅሬ የማተሚያው ማሽን መጀመሪያ ሲነሳ የሚያደርገውን አደረገ፤ እጁን አጣምሮ ቆሞ ያያል።

አልቆ ዝም አለ። አጠፉት፣ አበሩት። ዋይፋይ የሚል ምልክት ከላይ ብቅ አለ። ሾፌሩ መጥቷል። ነገር ግን… አልያዘም። ምልክቱ አለ፤ ጠፍቷል ይላል። ለማብራት ሲነኩት መልሶ ይጠፋል።

«ክፍተቱ ነው» አለ ታጁዲን።

«ሰረዙ ነው» አለ ፍቅሬ።

«አቶ ፍቅሬ፣ ያኔም እኮ ሰው አይሰሙም።»

«ያኔ ስንል?»

ነገሩ ኮሚቴው ላይ ሊደርስ ሲል ሄኒ ሌላ መስመር ላከች፦ አርኤፍኪል የሚል። «ኪል? ማንን ነው የምንገድለው?» አለ ታጁዲን። ጻፉት። ጥቂት መስመር መጣ። ሁለቱ አላነበቡትም፤ የማን ጥፋት እንደሆነ እየተከራከሩ ነው።

እኔ መነጽሬን አደረግኩ። ሌላ ምን አውቃለሁ? የተጻፈውን ማንበብ ነው የኔ ሥራ። ቀስ ብዬ፣ ፊደል በፊደል። ሶፍት ብሎክድ ይላል፤ ኖ። ከሥሩ ደግሞ ሃርድ ብሎክድ ይላል፤ የስ።

«ሄኒዬ፣ ሃርዱ ተዘግቷል የሚለው ምንድን ነው?» አልኩ በስልክ።

«እማዬ፣ ላፕቶፑ ጎን ላይ ትንሽ ማብሪያ አለች። በእጅ የምትገፋ።»

አለች። በቀኝ በኩል፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል። ገፋኋት። ሳጥናችን ስሙን አወጣ፣ የጎረቤቱም ወጣ፣ የማናውቀውም ሁሉ ተሰለፈ።

ማን ዘጋት? ከጅማ ስትመጣ ተነክታ ይሆን? በጥጡ ይሆን? ፍቅሬ ጣሪያውን ያያል። እኔም አልጠየቅኩም።

ታጁዲን ተነስቶ እጁን ዘረጋለት። ፍቅሬ ጨበጠው። «ለራስህ ግን ድምፅ ሰጥተህ ነበር» አለው ታጁዲን።

«አንተስ?»

«እኔማ ሰጥቻለሁ።»

እርስዎ መባባሉ የቱ ጋ እንደቀረ እነሱም ያስተዋሉ አይመስለኝም።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ነጠላዬን ደርቤ ተቀመጥኩ። ሁለቱም አልሄድ አሉ። ምናልባት ቢያስፈልግ ብለው አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ተቀመጡ፤ እንደ ሚዜ። ካሜራው እንዳያያቸው አስጠነቀቅኳቸው።

ልዩ ብቅ አለች። ወጣት ናት፣ የልጄ እኩያ። ሰላምታ፣ የት ሠሩ፣ ምን አረሙ… ጥሩ እየሄደ ነበር። መብራት ጠፋ። ሳጥኑ ሞተ። ልዩ አፏን ከፍታ ደርቃ ቀረች።

ሁለቱ አንዲት ቃል አልተነጋገሩም። ታጁዲን ስልኩን ከኪሱ አወጣ፣ ፍቅሬ ገመዱን ሰካ። ገመዱ ላላ ስለሚል በጣቱ ደግፎ ያዘው። ልዩ ተመለሰች።

«ወይዘሮ አሰፋሽ፣ ጠፉብኝ።»

«መብራት ነው የኔ ልጅ።»

«እኛም ጋ ሄዷል፤ በጄኔሬተር ነን።» ወደ ስክሪኑ ቀረበች። «ይቅርታ… ያ እጅ የማን ነው?»

አየሁ። የፍቅሬ እጅ እስከ ክርኑ፣ ስልኩን የያዘው የታጁዲን እጅም ከጎኑ፣ ካሜራው ውስጥ ገብተዋል።

«የባለቤቴ ነው።»

«ሌላኛውስ?»

«የጎረቤቴ።»

«እሺ» አለች። ከንፈሯን ነከሰች፤ እንዳትስቅ ይመስለኛል። ከዚያ የሙከራውን ገጽ አሳየችኝ። ቀጭኔና ጦጣ ስለ ዣንጥላ የሚጣሉበት ታሪክ ነው። ስሕተቶቹን ነገርኳት፤ የተዘለለች ቃል፣ ሁለቴ የተጻፈ «እና»፣ ሴት ሆና ጀምራ ወንድ የሆነች ጦጣ። ጻፈች።

«ሌላ አለ?»

ልናገር ወይስ ልተወው? ፍቅሬ በሌላኛው እጁ ጉልበቴን ነካ አደረገ።

«አለ» አልኩ። «ታሪኩ ውስጥ አይደለም። ከላይ፣ ከድርጅታችሁ ስም ሥር። ‹ንባብ ለትወልድ› ይላል። ለትውልድ መሆን አለበት።»

ልዩ አየችው። ቆይታ አንድ መጽሐፍ ከጠረጴዛዋ አንስታ ጀርባውን ገለበጠች። ሌላም አነሳች።

«ሁሉም ላይ እኮ ነው ያለው» አለች።

ያን ጊዜ ታጁዲን ሳቀ። ፍቅሬ በክርኑ ሲጎሽመው ገመዱ ተነቀለ። ልዩ ጠፋች።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

አልደወሉም። ሁለቱ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እየተከራከሩ ነው።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ደወሉ። ቀጭኔና ጦጣ የኔ ሆኑ። ከነሱ ሌላ ሁለት መጽሐፍም ጨመሩልኝ።

ፍቅሬ ወሬውን እንደሰማ ወርዶ ለታጁዲን ሊነግር ሄደ። ሳዲያ እንዳለችኝ በደረጃው ሁለት ሁለት እየዘለለ ነው የወረደው። በዚያ ጉልበቱ።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

ማስታወሻ ከያዝኩ ቆየሁ። ሥራ በዛ።

ሳሎኑ እስከ ምሳ ሰዓት ቢሮ ነው። እኔ አላልኩም፤ ፍቅሬ ነው ያወጀው። የሚያንኳኳ ሰው ከመጣ በሩን ገርበብ አድርጎ «ሥራ ላይ ናት» ይላል። ዛሬ የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሰውዬ በእግር ጣቱ አስኬደው።

ራሱም ቤት አይቀመጥም። እሱና ታጁዲን ደረጃው ላይ በርጩማ አውጥተዋል። ከአራተኛ ፎቅ አንዷ ማተሚያዋ ከኮምፒውተሯ ጋር አልግባባ ብሏት መጣች። ሾፌር የለውም አሏት፣ ሁለቱም እኩል። ይሠሩላት ይሆን? እኔ እንጃ። ሴትየዋ ግን ሻይ ጠጥታ እየሳቀች ሄደች።

ዛሬ ጠዋት ላፕቶፑ አንድ ነገር አወጣ። አዲስ ማሻሻያ መጥቷል፣ ልጫን ወይ ይላል። ለፍቅሬ ነገርኩት። ለታጁዲን ነገረው። ከበሩ ውጭ ክርክር ተነሳ። እንዳይረብሹኝ በሹክሹክታ ነው የሚጣሉት።

«ይጫን፤ አዲስ ነገር ይሻላል።»

«የሚሠራ ማሽን አይነካም» አለ ፍቅሬ።

«አንተ እኮ ሁሌ እንዲህ ነህ።»

«ቀስ በል፣ ትሰማናለች።»

እሰማቸዋለሁ። ለማንኛቸውም አልነገርኩም እንጂ ተነስቼ «በኋላ» የሚለውን ነካሁት። መጀመሪያ ግን ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

ጥቂት ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። የገዛ ቤቱ በር። ፍቅሬ ነው።

«ልግባ?» አለ።

አንድ አንቀጽ ቀርቶኝ ነበር። ጨርሼ ግባ አልኩት።